ንፍሮ ይዤ ወደ ኒው ዴንቨር

ሰማንያ ዓመት ባለፋቸው አሮጊት እቀናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ባሌን አልነጠቁኝም። ባሌ ሰሜን፣ ፎርት ማክመሪ የነዳጅ ማውጫ ነው የሚሠራው፤ በወር አንዴ ሲመጣም ከእንቅልፉ በቀር የሚነጠቅ ነገር የለውም። እሳቸው የነጠቁኝ የልጄን ጆሮ ነው። ቀላል ነገር ይመስላል፤ እናት የሆነች ግን ታውቀዋለች።

እዚህ ካልጋሪ፣ ራንድል ሰፈር፣ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ዘራቸው ከጃፓን ነው። «ጃፓናዊት» ሲሏቸው ግን ደስ አይላቸውም፤ የተወለዱት ቫንኩቨር ነው፣ ጃፓንን እንደ እኔ በቴሌቪዥን ነው የሚያውቋት። እኛ ቤት ስማቸው እትዬ ነው። ልጄ ገና ትንሽ ሳለች «ትልቅ ሰው በስሙ አይጠራም፣ እትዬ በያቸው» ያልኳት እኔው ነኝ። እሳቸውም ስሙን ወደዱት፤ ሲደውሉ እንኳን «እትዬ ነኝ» ነው የሚሉት። በገዛ እጄ ዘመድ አደረግኳቸው ማለት ነው።

እትዬ ሕፃን ሳሉ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ የካናዳ መንግሥት በባሕሩ ዳርቻ የሚኖሩትን የጃፓን ዘር ያላቸውን ዜጎቹን ጠላት ናችሁ ብሎ ከየቤታቸው አስወጣቸው። የአባታቸውን የዓሣ ጀልባ ወሰደ፣ ቤታቸውን ሳይጠይቃቸው ሸጠ። ቤተሰቡን መጀመሪያ የከብት ኤግዚቢሽን በሚደረግበት በረት ውስጥ አጎረ፤ ከዚያ በባቡር ጭኖ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ተራሮች መሀል፣ ኒው ዴንቨር በምትባል መንደር፣ የጣውላ ጎጆ ውስጥ አስቀመጠ። እትዬ ፊደል የቆጠሩት እዚያ ነው፤ እናታቸውም የሞቱት እዚያ ነው። ይህን ሁሉ እሳቸው አልነገሩኝም። ልጄ ናት የነገረችኝ።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ትማራለች። የእትዬን ወሬ በስልኳ መቅዳት የጀመረችው ለአንድ ኮርስ ብላ ነበር፤ ኮርሱ አለቀ፣ መቅዳቱ ግን ቀጠለ። የምነዳውን የትምህርት ቤት አውቶቡስ አቁሜ ቤት ስገባ ልጄ የለችም፤ ከግድግዳው ወዲያ ናት። ድምጿ ይሰማኛል። «ከቤት ስትወጡ እናትዎ ምን ያዙ? ባቡሩ ላይ ማን አለቀሰ? ብርዱን እንዴት ቻላችሁት?» ትላለች፤ ከዚያ ዝም ብላ ታዳምጣለች። ያቃጠለኝ ያ ዝምታዋ ነው። እኔን ስንት ዓመት ሙሉ የጠየቀችኝ «ማሚ፣ ቻርጀሬን አይተሻል?» ብቻ ነው።

እኔም የሚነገር አጥቼ አይደለም። እኔም አባቴን ከቤት ሲወስዱት አይቻለሁ። አባቴ የአሥመራ ሰው ነበር፣ እናቴ የደብረ ብርሃን፤ እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ በአማርኛ ተምሬ ያደግኩ ነኝ። ኢትዮጵያና ኤርትራ ሲዋጉ አባቴ ባንድ ማለዳ ጠላት ሆኖ አደረ። ልጄ ስለ አያቷ የምታውቀው ግን «አሥመራ ሞተ» የሚለውን ብቻ ነው። እኛ መሀል ይህ ወሬ አይነሣም። ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ ከሚቆሙት ሴቶች ያንዷ ወንድም በዚያ ጦርነት ሞቷል፣ የሌላዋ ወንድም ወዲያ ማዶ ነበር፤ ሁላችንም አፋችንን ይዘን «እንዴት ሰነበትሽ» እንባባላለን። ለልጄ ደግሞ ካልጠየቀችኝ አልነግራትም ብዬ በግትርነቴ ተቀመጥኩ። አንድ ቀን ትጠይቀኛለች ብዬ ስጠብቅ ሄዳ ጎረቤት ጠየቀች።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ አውቶቡሴ ባረፈበት ሰሞን፣ አንድ ቀን ሽንኩርት ስከትፍ መጥታ ጠረጴዛው ላይ ተደገፈች።

«ማሚ፣ እትዬን ኒው ዴንቨር ልወስዳቸው ነው። ካምፑ አሁን ሙዚየም ሆኗል። ዩ ኖው፣ ለእናታቸው ሪስፔክት ፔይ ማድረግ ይፈልጋሉ። ቫንሽን ቦሮው ላድርግ?»

«ቫኑ ያለ እኔ ንቅንቅ አይልም» አልኳት።

«አንቺ እዚያ ምን ታደርጊያለሽ? ሎንግ ድራይቭ ነው እኮ። ጉልበትሽስ?»

«እነዳለሁ። ሥራዬ አይደል?»

ትንሽ አየችኝና «ኦኬ፣ ዋትኤቨር» ብላ ወጣች። ስለ ጉልበቴ የተጨነቀችው እንዳልሄድ መሆኑ ገብቶኛል። ሽንኩርቱን አለቅጥ አደቀቅኩት።

እንግዲህ አስቡት። እናት የሞተችበት ቦታ፣ ሟች ለማሰብ፣ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ ሲኬድ፣ እኛ ይህን ለቅሶ ነው የምንለው። ሌላ ስም የለውም። ለቅሶ ደግሞ ወግ አለው። ስንዴና ሽምብራ ዘፍዝፌ ትልቅ ድስት ንፍሮ ቀቀልኩ። ጥቁር ቀሚሴን ተኮስኩ። በመሄጃችን ቀን ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩ፣ ጸጉሬን በጥቁር ሻሽ አሰርኩ፣ ድስቱን አቅፌ ወጣሁ። እውነቱን ልናገር፣ ለማላውቃቸው ሟች አንጀቴ ተላውሶ አልነበረም። ልጄ እንድታይ ነው። ያቺ ስልክ ደቅና የምትቀዳውን ሐዘን እናቷ እንዴት አድርጋ እንደምታወጣው እንድታይ ነው። በለቅሶ እንኳን ማንም አይበልጠኝም።

እትዬ በራቸውን ከፍተው ብቅ አሉ። ሮዝ ኮፍያ፣ ነጭ ስኒከር፣ የፀሐይ መነጽር፤ በእጃቸው አንድ ትልቅ ከረጢት ቺፕስ። ልጄ በቁምጣ ናት። ሁለቱም አዩኝ።

«ማሚ! ዋት አር ዩ ዌሪንግ?»

«የሚለበሰውን» አልኳት።

እትዬ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ከላይ እስከ ታች ተመለከቱኝና፣ በጣም አምሮብሻል አሉኝ። እዚያው ክው አልኩ። ለለቅሶ የለበሰች ሴት አምሮብሻል አትባልም።

የእትዬ ጆሮ ስለደከመ ልጄ አጠገባቸው መቀመጥ አለባት ተባለ። ሁለቱ ከኋላ፣ እኔ ብቻዬን ከፊት። ባንፍን አልፈን ተራራው መሀል ስንገባ ከኋላዬ ሳቅ በሳቅ ሆነ። የአውቶቡስ ሾፌር ስለሆንኩ መስታወት ማየት ልማዴ ነው፤ ያን ቀን ግን ከመንገዱ ይልቅ መስታወቱን ያየሁ ይመስለኛል። ልጄ ጭንቅላቷን እትዬ ትከሻ ላይ ጣል አድርጋለች። ልጄ ብርድ ልብስ ታለብሳቸዋለች። ልጄ ቺፕሱን ከአንድ ከረጢት አብራቸው ትበላለች። እኔ ጋ ሲደርስ ከረጢቱ በወንበሮቹ መሀል ብቅ ይልና እትዬ «ለሾፌራችን!» ይላሉ። አመሰግናለሁ፣ ጾም ላይ ነኝ አልኩ። ጾም አልነበረም።

ሬቨልስቶክን አልፈን መኪናውን ጀልባ ላይ አስገብተን ሐይቁን ስንሻገር ሁለቱ ወርደው ከብረቱ አጥር አጠገብ ቆሙ። እትዬ በጣታቸው ወደ ተራራው እያሳዩ ያወራሉ፤ ልጄ አፏን ከፍታ ትሰማለች፤ ነፋሱ ጸጉሯን ሲበትነው አሮጊቷ ከጆሮዋ ጀርባ ይሰበስቡላታል። ያንን ጸጉር ስንት ዓመት የጎነጎንኩት እኔ ነኝ። ቫኑ ውስጥ ድስቴን ታቅፌ እርር ድብን አልኩ። ቅናት በዚህ ዕድሜ እንዲህ ይጠብሳል ብሎ የነገረኝ ሰው የለም።

ሞቴል አድረን ጠዋት ሙዚየሙ ደረስን። ሌላ ዓይነት ቅናት ደግሞ እዚያ ጠበቀኝ።

ቦታው በእንጨት አጥር ተከቧል። ግቢው ውስጥ በድንጋይና በጠጠር የተሠራ ጸጥ ያለ የአትክልት ስፍራ አለ። ጎጆዎቹ እነዚያው የጥንቶቹ ናቸው፤ ጣውላቸው ጠቁሮ፣ ጣሪያቸው ተጠግኖ ቆመዋል። አንዱ ጎጆ ውስጥ የሁለት ቤተሰብ መኝታ ወዲህና ወዲያ፣ መሀል ላይ የጋራ ምድጃ። ማንቆርቆሪያው በቦታው ነው። የልብስ ማጠቢያው ጣውላ በቦታው ነው። ይዘውት የመጡት ሻንጣ እንኳን በክብር ተቀምጦ፣ ከሥሩ ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ ተጽፎለታል። መንግሥት ኋላ ይቅርታ መጠየቁም ግድግዳው ላይ አለ። እሱን ቀስ ብዬ፣ እንደ ልጅ እያንዳንዱን ቃል በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት።

በሰው መከራ ይቀናል ወይ ብትሉኝ፣ ይቀናል። እኔ ቀናሁ። አባቴን ያሰሩበትን ግቢ አዲስ አበባ በሄድኩ ጊዜ ፈልጌዋለሁ። በሩ የትኛው እንደነበር እንኳን መለየት አልቻልኩም፤ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል፣ ሥሩ የሞባይል ካርድና ሳሙና ይሸጣል። ሱቁ ውስጥ ያለውን ሰው «እዚህ ድሮ ምን ነበር?» ብዬ ብጠይቀው «እኔ አዲስ ነኝ፣ እናቴ» አለኝ። ሳሙና ገዝቼ ወጣሁ። እነዚህ ግን ማንቆርቆሪያቸው ሳይቀር ጠባቂ አለው። ልጄ ደግሞ እዚያች ማንቆርቆሪያ ፊት ቆማ ፎቶ ታነሳለች፣ እትዬም «ይህቺን የመሰለች ነበረችን» ይሏታል፤ ድምፃቸው ቀላል ነው፣ በረዶ ላይ ሲንሸራተቱ የወደቁበትን ጊዜ እያነሱ ይስቃሉ። አንዲት ጠብ የምትል እንባ የለችም። እንዲህ ነው እንዴ ለቅሶ?

በቃኝ። ጎጆው ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ፣ ድስቴን ከፈትኩ፣ በወረቀት ስኒ ንፍሮ እየሞላሁ ማደል ጀመርኩ። ከኦንታሪዮ የመጡ ባልና ሚስት የሙዚየሙ መስተንግዶ መስሏቸው ተቀበሉኝ፤ ሰውየው ኬቻፕ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አስጎብኚዋ ሮጣ መጣች። ይቅርታ፣ እዚህ ውስጥ ምግብ አይፈቀድም አለች።

«ማሚ፣ ፕሊዝ» አለች ልጄ፤ ፊቷ ቲማቲም መስሏል። «ኢትስ ኖት ኤ ፒክኒክ።»

«ፒክኒክማ እናንተ ናችሁ የመጣችሁት» አልኳት። «እኔ የመጣሁት ለቅሶ ነው።»

እትዬ የተባለው አልገባቸውም። ስኒውን ተቀብለውኝ ወደ ውስጡ እያዩ፣ ምንድን ነው ይህ ብለው ልጄን ጠየቋት። ልጄ በእንግሊዝኛዋ እየተቻኮለች፣ ሰው ሲሞት የሚበላ ነው፣ ልብሱም ለዚያ ነው፣ እናቴ ለእናትዎ ለቅሶ ነው የመጣችው፣ አይቀየሟት አለቻቸው። በይቅርታ ቃና ነው የምትነግራቸው። እኔ ነኝ ይቅርታ የሚጠየቅልኝ!

እትዬ ኮፍያቸውን አወለቁ። መጥተው ከአጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ አንዲት ፍሬ ሽምብራ አፋቸው ውስጥ አደረጉ፣ ቀስ ብለው አላመጡ። አስጎብኚዋ ቆማ ትጠብቃለች። በእጃቸው ቆዪ የሚል ምልክት ሰጧት፤ እሷም ባልና ሚስቱን ይዛ ወጣች።

«እናቴ ስትሞት» አሉ እትዬ፣ «አባቴ አታልቅሱ አለን። ከዚህ ጣውላ ወዲያ ሌላ ቤተሰብ አለ። ጣውላው ስስ ነው፣ ልጆች ተኝተዋል፣ ሰው አትረብሹ አለ። አላለቀስንም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ጊዜው አለፈ።» ነጠላዬን በሁለት ጣታቸው ነካ አደረጉት። «ለእናቴ ብሎ ለብሶ የመጣ ሰው ዛሬ ገና አየሁ።»

በቅናት ለብሼው ነበር እኮ። እሱን ልነግራቸው አልቻልኩም። እኛ ዘንድ ለቅሶ ቤት የገባች ሴት የምታለቅሰው የገዛ ሟቿን እያነሣች ነው፤ የሰውዬው ሬሳ ፊቷ ተጋድሞ እሷ ከሠላሳ ዓመት በፊት የሞተ ወንድሟን ትጣራለች፣ ማንም አይታዘባትም። እኔም አፌን ስከፍት የወጣው «አባዬ!» የሚል ነበር። «አባዬ! ሳንቀብርህ! አባዬ!» ስስ ጣውላ አልገደበኝም። ጎጆው ጠባብ ነው፤ ድምፄ ራሱ ተመልሶ መጣብኝ። ለታይታ ብዬ ያሰናዳሁት ለቅሶ አልነበረም፤ ያ የት እንደገባ አላውቅም።

እትዬ እጄን ያዙ። ልጄን ቀና ብለው አይተው፣ ማንን ነው የምትጠራው አሏት።

«አባቷን» አለች ልጄ። «አያቴን። አሥመራ ነው የሞተው።»

«እንዴት ሞተ?»

ልጄ ወደ እኔ ዞረች፣ ተንበረከከች።

«ማሚ፣ እንዴት ነው የሞተው?»

ስንት ዓመት የጠበቅኩት ጥያቄ በመጨረሻ መጣ፤ መጣና በእትዬ አፍ ተላከልኝ። በዚያ እንባ መሀል እንኳን ቅናቴ አልተኛም፤ ነደደኝ። እሳቸው ባይጠይቁ አትጠይቂኝም ነበር ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ዓይኗን ሳይ ግን ያንን ማለትም፣ አፌን መዝጋትም አቃተኝ። ከአሁን ወዲያ ብዘጋው ደግሞ እንደማይከፈት አወቅኩ።

እንግሊዝኛዬ አውቶቡስ ለመንዳትና ልጆች ለመቆጣት ይበቃል፤ ለዚህ አይበቃም። በአማርኛ ጀመርኩ። ልጄ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እየሰማች ለእትዬ ትተረጉማለች። ማለዳ ነበር አልኩ። ተረጎመች። አባቴ ግቢያችን ውስጥ ከነበረው መኪና መጠገኛ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ጥርሱን ሲፍቅ ለጥያቄ ትፈለጋለህ አሉት፣ ከነመፋቂያው ሄደ አልኩ። ተረጎመች። ከከተማው ዳር አንድ ግቢ አጎሯቸው፤ በየቀኑ ከእናቴ ጋር ምግብ ይዘን አጥሩ ሥር እንሰለፋለን፣ ጠባቂው ሙሉውን ሳህን ይቀበለናል፣ ባዶውን ይመልስልናል፣ በባዶው ሳህን ነው በሕይወት መኖሩን የምናውቀው አልኩ። ይህንንም ተረጎመች፤ ድምጿ ግን ቀጥኗል።

«ከዚያ አንድ ቀን ሳህኑ ከነምግቡ ተመለሰ» አልኩ። «በአውቶቡስ ጭነው ወደ ድንበሩ ወስደዋቸዋል። ስልክ ተቋርጧል፣ መንገድ ተዘግቷል። ከዚያ በኋላ ድምፁን አልሰማሁትም። እዚያው ታሞ መሞቱን በሰው በሰው፣ ከቆየ በኋላ ሰማን። ጎረቤቶቻችን ጨዋ ሰዎች ነበሩ፣ ብንነግራቸው መጥተው ያለቅሱልን ነበር። እናቴ ግን ፈራች። ለጠላት ታለቅሳላችሁ እንዳይሉን ብላ በርና መስኮቱን ዘጋች። ትራስ ነክሰን ነው ያለቀስነው።»

ልጄ አልተረጎመችም።

እትዬ ጠበቁ። ከዚያ ወደ እሷ ጎንበስ ብለው፣ ምን አለች ብለው ጠየቁ። ልጄ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሣችም። «አይ አም ሶሪ፣ እትዬ፣ ሌተር» አለቻቸው። እኔን ደግሞ ጉልበቴን በሁለት እጇ ይዛ «ከዚያስ?» አለችኝ። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ነው፣ አላወጣችውም።

እትዬ ቀስ ብለው ተነሡ። ኮፍያቸውንና የንፍሮ ስኒያቸውን ይዘው ወደ በሩ ሄዱ፤ ደፉ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው ተመለከቱን። ልጄ ጀርባዋን ሰጥታቸዋለች። የእሳቸው ፊት ላይ ያየሁትን ነገር አውቀዋለሁ፤ መስታወት ውስጥ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ወጥተው ጠጠሩ ላይ ብቻቸውን ቆሙ።

ልጠራቸው ይገባኝ ነበር። ለእናታቸው ለቅሶ ነው የመጣነው፣ ጨዋ ሴት ትጠራቸው ነበር። እኔ ግን አልጠራኋቸውም። ልጄ «ከዚያስ፣ ማሚ?» አለችኝ ደግማ፤ ወደ እሷ ጠጋ ብዬ ከመጀመሪያው፣ ከጋራዡ በር ጀምሬ ነገርኳት።